የድሃ ሒሳብና የነርስ ትምህርት

ካምፓላ የኮረብታና የሸለቆ ከተማ ናት። በኮረብቶቿ አናት ላይ ቤተ መንግሥቱ፣ ካቴድራሉ፣ መስጊዱ፣ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ባሉት ሸለቆዎች ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ የሚገባባቸው፣ ቤት ከቤት፣ ጣሪያ ከጣሪያ የተነካካባቸው መንደሮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ካታንጋ ነው። በአንድ ወገን የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ፣ በሌላው ወገን የሙላጎ ሆስፒታል ኮረብታ ይታያሉ፤ ካታንጋ በሁለቱ መካከል ተኝቷል። ዕውቀት በአንደኛው ኮረብታ፣ ሕክምና በሌላው ሲቀመጡ፣ በሽታው የሚያድርበት ሸለቆ ከሥራቸው ቀረ። በእነዚህ ኮረብቶች ላይ የምትማር የነርሲንግ ተማሪ ያንን ሸለቆ ለዓመታት ቁልቁል እያየች ትመላለሳለች። ማየት ግን ማወቅ አይደለም።

ይህች ተማሪ ስለ ደም ዝውውር፣ ስለ መድኃኒት መጠን፣ ስለ ቁስል አጠባበቅ ትማራለች። እነዚህን ያላወቀች ነርስ በሽተኛዋን ልትገድል ስለምትችል ትፈተንባቸዋለች፤ ከወደቀችም አትመረቅም። ድህነትን ያላወቀች ነርስስ? እርሷም በሽተኛዋን ልትጎዳ ትችላለች፤ ነገር ግን በዚህ የሚወድቅ ተማሪ የለም። ለመሆኑ ድህነት ትምህርት ሆኖ ሊሰጥ ይችላልን? የሚችል ከሆነስ የሚሰጠው ምኑ ነው፤ ስሜቱ ነው ወይስ ዕውቀቱ?

ጥያቄው በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ የተለመደ ሁኔታ ይታሰብ። አንዲት እናት ተቅማጥ ይዞት የነበረውን ሕፃን ልጇን ታቅፋ ከሆስፒታል ልትወጣ ነው። ነርሷ ትእዛዟን ትሰጣለች፤ “ውሃውን አፍልተሽ አቀዝቅዢ፤ ዱቄቱን በጥብጠሽ ቶሎ ቶሎ አጠጪው፤ ምግቡን አጠናክሪለት፤ ሰኞ ጠዋት ይዘሽው ተመለሺ።” እናቲቱም አንገቷን ደፋ አድርጋ “ካሌ፣ ሙሳዎ” ትላለች። ሙሳዎ የሚለው የሉጋንዳ ቃል ሐኪሙንም ነርሷንም ያከብራል፤ ካሌ ደግሞ የአማርኛው እሺ ነው። ሰኞ ይደርሳል፤ እናቲቱ አትመጣም። በመዝገቡ ላይ “ክትትል ያቋረጠች” ተብሎ ይጻፋል። ነርሷም በልቧ “ስንቴ እንንገራቸው!” ትላለች።

የእናቲቱ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ውሃው በጄሪካን የሚገዛ ነው። ከሰሉ በቆርቆሮ እየተሰፈረ ይሸመታል፤ ለልጁ ውሃ ከፈላበት ለማታ ባቄላ የሚበስልበት አይተርፍም። ምግብ ማጠናከር ማለት ለልጁ እንቁላል ገዝቶ የቀሩትን ልጆች ማየት ማለት ነው። ሰኞ ደግሞ በካለርዌ ገበያ መደብ ላይ በብድር የወሰደችውን ቲማቲም የምትሸጥበት ቀን ነው። ከካለርዌ እስከ ሙላጎ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሩቅ የሆነው ወረፋው ነው። አንድ ቀን ወረፋ ስትጠብቅ ከዋለች ቲማቲሙ ይበሰብሳል፤ ዕዳው ግን አይበሰብስም። ልጁም ትናንት ማታ ጡት በደንብ ጠብቶ፣ ስቆም አድሯል። እናቲቱ መዘነች፤ ቀረችም። የቀረችው ትእዛዙን ስላልሰማች ወይም ልጇን ስላልወደደች አይደለም። የነበራት ገንዘብና ጊዜ ከሁለት አደጋ በአንዱ ላይ ብቻ የሚበቃ ስለ ነበረ ነው።

“የቸገረው እርጉዝ ያገባል” የሚለው የአበው ብሂል ብዙውን ጊዜ ለሳቅ ይነገራል። ሲያስተውሉት ግን ጥልቅ ነገር አለው። ከውጭ ሲታይ አእምሮ የጎደለው የሚመስል ምርጫ፣ ከውስጥ ሲታይ ምርጫ ላጣ ሰው የተረፈው ብቸኛ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ነርሷ ያየችው ምርጫውን ነው፤ ችግሩን አላየችም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተለይተው ሊታወቁ ይገባል፤ አለማወቅና ማጣት። አለማወቅ በትምህርት ይድናል፤ ማጣት ግን በትምህርት አይድንም። ውሃ ማፍላት እንደሚገባ ለማታውቅ ሴት ማስረዳት ደግ ሥራ ነው። አውቃ ከሰል ላጣች ሴት ያንኑ ትምህርት ለሦስተኛ ጊዜ መስጠት ግን ጊዜ ከማባከንም አልፎ ስድብ ይሆናል። ማጣትን እንደ አለማወቅ ቆጥሮ ማከም እንደ ማንኛውም የተሳሳተ ምርመራ ስሕተት ነው። ስለዚህም ድህነትን ማወቅ ለነርስ የደግነት ጌጥ ሳይሆን የሙያዋ አካል ነው።

ይህ ስሕተት ሥሩ ሩቅ ነው። ለካምፓላ ዘመናዊ ሕክምናን ያመጡት ሰዎች ብዙ መልካም ሠርተዋል። ካትሪን ቲምፕሰን የተባለችው ነርስ እ.ኤ.አ. በ1896 ከሚሲዮናውያን ጋር ወደ ቡጋንዳ ስትነሣ፣ በኋላ ባሏ የሆነው ሐኪም አልበርት ኩክ በ1897 የሜንጎን ሆስፒታል መሠረተ። በ1903 እናት ኬቪንና ጓደኞቿ የንሳምብያን የሕክምና አገልግሎት ጀመሩ። ሙላጎም በ1913 የአባላዘር በሽታ ማከሚያ ሆኖ ሥራውን ጀመረ። ነገር ግን በዚያ ዘመን በአባላዘር በሽታ ላይ የተከፈተው ዘመቻ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የግብረ ገብም ዘመቻ ነበር፤ የበሽታው ምክንያት አስቀድሞ የሚፈለገው በሕዝቡ ጠባይና ልማድ ውስጥ ነበር። መድኃኒቱና ተግሣጹ በአንድ እጅ ይሰጡ ነበር። ያ ዘመን አለፈ፤ “ለምን ዘግይተሽ መጣሽ?” የሚለው ቁጣ ግን በካምፓላም በአዲስ አበባም በብዙ ክፍሎች ውስጥ እስከ ዛሬ ይሰማል።

ለዚህ ቁጣ ዩጋንዳ ራሷ መልስ የሰጠችበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 መንግሥት በጤና ተቋማቱ የሚከፈለውን የአገልግሎት ክፍያ አነሣ፤ የሆስፒታሎች የግል ክፍሎች ብቻ ሲቀሩ። ወዲያውም ወደ መንግሥት ጤና ተቋማት የሚመጣው ሕዝብ በእጅጉ በዛ፤ በተለይም ድሃው። እስከዚያ ድረስ በየቤቱ የተኛው በሽተኛ “የሕክምናን ጥቅም ያልተረዳ” ይባል ነበር። ሕዝቡ ግን በአንድ ጊዜ አዲስ ዕውቀት አልተማረም፤ የተነሣው ዋጋው ብቻ ነበር። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍልም አስተማሪ ነው። ክፍያው ከተነሣ በኋላም መድኃኒት ሲያልቅ በሽተኛው ከግል መደብር መግዛቱ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ መፈለጉ፣ የቀን ገቢውን ማጣቱ አልቀረም። “ነጻ ሕክምና” ማለት ለሚሰጠው ወገን ነጻ ነው፤ ለሚቀበለው ግን ሁልጊዜ ነጻ አይደለም።

እንግዲህ ይህን እውነት ለተማሪዋ እንዴት ማስተማር ይቻላል? በዓለም ላይ የተሞከሩት መንገዶች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ማስመሰል፣ መውረድና ከሥሩ መምረጥ።

ማስመሰል የሚባለው በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት የተዘጋጀና በብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት ልምምድ ነው። ተማሪዎቹ በቤተሰብ ተከፋፍለው፣ የሐሰት ገንዘብና የሐሰት ዕዳ ተሰጥቷቸው፣ አራት የ15 ደቂቃ “ሳምንታት” ያሳልፋሉ። የቤት ኪራይ ይከፍላሉ፤ ልጅ ያስተምራሉ፤ ወረፋ ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹም ከቤት ይባረራሉ። ልምምዱ ከንቱ አይደለም። ችግር ለካ ሰዓት ይበላል፣ ለካ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላው ይከፈታል የሚለውን ሐሳብ በሰውነት ያሳያል። ጉድለቱ ግን በተፈጥሮው ያለ ነው፤ ጨዋታው ያልቃል። ተማሪዋ ማታ ስትተኛ ነገ ምን እንደምትበላ ታውቃለች። ድህነት ደግሞ ዋና ባሕርዩ መቼ እንደሚያልቅ አለመታወቁ ነው። የአንድ ሰዓት ረኃብ ጾም እንጂ ረኃብ አይባልም።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ሸለቆው መውረድ ነው። የማኬሬሬ የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪዎቹን ከሌሎች የጤና ሙያ ተማሪዎች ጋር በቡድን እያደረገ፣ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ሳምንታት እየቆዩ ከኅብረተሰቡ እንዲማሩ የሚያደርግ ሥርዓተ ትምህርት ዘርግቷል። ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርትን የመሠረቱ ድንጋይ አድርጎ ተነሥቷል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በሽታን ለማወቅ አልጋውን ብቻ ሳይሆን አልጋው ያለበትን ቤት ማየት እንደሚገባ ቀድመው የተረዱ ነበሩ።

መውረዱ ግን የራሱ ፈተና አለው። አሥር ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች በአንድ ጊዜ ወደ አንዲት ክፍል ሲገቡ፣ “በቀን ስንት ጊዜ ትበላላችሁ? ሽንት ቤታችሁ የት ነው? ስንት ሆናችሁ ታድራላችሁ?” ብለው ጠይቀው፣ ጽፈው ሲወጡ፣ የተማረው ማን ነው? የከፈለውስ ማን ነው? ባለጸጋ ቤቱን አጥሮ፣ ዘበኛ አቁሞ እንግዳ ይመልሳል። ድሃ ግን ጠያቂን የሚመልስበት አጥር የለውም፤ ስለዚህ ጓዳው የሁሉም መማሪያ ይሆናል። ሰውን መጽሐፍ አድርጎ ማንበብ ዕዳ ያስከትላል። ዕዳው የሚከፈለውም ባዩት ነገር በማዘን ሳይሆን ሥራን በማስተካከል ነው። ተማሪዎቹ ባዩት የተነሣ በጤና ጣቢያው አንዲት ነገር ካልተለወጠች ጉብኝቱ ትርኢት ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው መንገድ ድህነትን አስቀድሞ የሚያውቁትን መምረጥ ነው። በኢትዮጵያ በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተማሪዎቹን ከገጠር መርጦ ወደ አካባቢያቸው መልሶ የሚያሰማራው በዚህ ሐሳብ ነው። ከዚያ በፊትም የማሚቱ ጋሼ ሕይወት ነበር። ማሚቱ በምጥ ተሰቃይታ ፊስቱላ የደረሰባት የገጠር ልጅ ነበረች። ለሕክምና ወደ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ዘንድ መጣች። ከዳነች በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀምራ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት፣ የእርሷን መሰል ሴቶች የምትጠግን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ እስከ መሆን ደረሰች። በእርሷ ፊት የቆመች በሽተኛ ችግሯን ማስረዳት አያስፈልጋትም ነበር።

ይሁን እንጂ የትውልድ ቦታ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በካምፓላም በኢትዮጵያም በነርሲንግ ትምህርት ቤት የሚቀመጡት ብዙዎቹ ከባለጸጋ ቤት የመጡ አይደሉም። ብዙዎቹ ክፍያቸው በእናት ገበያ፣ በአጎት ብድር፣ በወንድም ትምህርት ማቋረጥ የተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለችው ተማሪ የከሰሉን ዋጋ አልሰማሁም ማለት አትችልም። ታዲያ እርሷ ነጩን ልብስ ከለበሰች በኋላ ለምን ትቆጣለች? ምናልባት የምትቆጣው ስለማታውቅ ሳይሆን ስለምታውቅ ነው። ከዚያ ሕይወት ለመውጣት ብዙ ከፍላለች፤ ወደ ኋላ የሚመልሳትን ፊት ማየት አትወድም። “እኔ ችዬ ወጥቻለሁ፤ አንቺስ?” የሚለው ድምፅ በውስጧ ይናገራል። ለእርሷ የሚያስፈልገው ትምህርት ማስታወስ ነው፤ እናቷ በወረፋ ላይ የቆመችበትን ቀን ያለ ኀፍረት ማስታወስ።

ሦስቱም መንገዶች ጎዶሎ ከሆኑ፣ ድህነትን ማስተማር አይቻልም ወደ ማለት ይደረሳልን? ስሜቱን ማስተማር አይቻልም። የሌላውን ሰው ረኃብ በውሰት መራብ አይቻልም፤ “የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም” የተባለው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ነርሷ የግድ መራብ የለባትም። በወባ ያልታመመች ነርስ ወባን ታክማለች፤ ያልወለደች አዋላጅ ታዋልዳለች። የሚጠየቀው የሌላውን ሒሳብ ማንበብ መቻል ነው፤ ይህች ሴት ምን አላት፣ ምን ጎደላት፣ የታዘዘችውን ብትፈጽም የምታጣው ምንድን ነው? ይህ ደግሞ እንደ ማንኛውም ምርመራ የሚሠለጥኑበት ነው።

ሥልጠናው ከጥያቄ ይጀምራል። “ሰኞ ትመጫለሽ አይደል?” የሚለው ጥያቄ መልሱን ይዞ የመጣ ነው፤ ከእሺ በቀር በር አልተወም። በኢትዮጵያም በቡጋንዳም ዝቅ ብሎ የቆመ ሰው ከበላዩ ለቆመ “አይሆንልኝም” ማለት ነውር ይመስለዋል። “ሰኞን እንዴት ነው የምትውዪው? ውሃ የምታፈዪው በምንድን ነው?” ብትባል ግን እናቲቱ ኀፍረት ሳይነካት እውነቱን ትናገራለች። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል፤ ብሂሉ ወቀሳውን በሽተኛው ላይ ያሳርፋል። ነገር ግን ሰው የሚደብቀው ቢናገር የሚቀጣ ሲመስለው ነው። እንዲደብቅ ያደረገው ቁጣም ከበሽታው ጋር ሊመረመር ይገባዋል።

በካባላጋላና በካንሳንጋ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር ከሌላው ወገን ያውቀዋል። ቋንቋ ሳይበቃው በነርስ ፊት የቆመ፣ ሕመሙን በልጁ አፍ ያስተረጎመ፣ ያልገባውን “ኦኬ” ብሎ የወጣ ሰው በዚህ ከተማ ጥቂት አይደለም። አባት በአሥር ዓመት ልጁ ፊት የማይናገረው ሕመም አለ፤ እናትም መድኃኒቱን ለመግዛት ገንዘብ እንደሌላት ልጇ እንዲተረጉም አትፈልግም። ስደት ያላየውን ሰው ድህነትን የሚያስተምረው በዚህ ነው፤ ማጣት ከኪስ አልፎ አንደበትንም እንደሚነካ ያሳያል።

መረዳት ራሱ ሊበላሽ እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም። ድህነትን ተረዳሁ የምትል ነርስ “ለእርሷ ይህ ይበቃታል” ማለት ልትጀምር ትችላለች። የተሻለው መድኃኒት ውድ ስለ ሆነ ስሙን አትነግራትም፤ ምርመራው ስለሚያስከፍል አታነሣባትም። ይህ ርኅራኄ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ንቀት አለ። እናቲቱ ብትሰማ ዘመድ ትጠይቅ፣ ዕድር ታነሣ፣ ዶሮዋን ትሸጥ እንደ ነበር ማን ያውቃል? ሳይነግሯት ስለ እርሷ መወሰን ከድሃ ላይ የቀረውን አንድ ነገር፣ ምርጫውን፣ መውሰድ ነው። የድሃው መንገድ ሊለይ ይገባል፤ የሚደርስበት ጤና ግን ያው ሊሆን ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ብዙ በሽተኛ ለብቻዋ የምትጠብቅ፣ ጓንት ያለቀባት፣ የራሷም ደመወዝ ወሩን የማይዘልቅላት ነርስ ይህን ሁሉ ጥያቄ መቼ ትጠይቅ? ተቃውሞው እውነት አለው። የነርስ ማስተዋል የመድኃኒትን እጥረት አይሞላም፤ የመንግሥትን ግዴታም አይተካም። ጉድለቱን ሁሉ በነርሷ ልብ ላይ መጫን ሌላ ግፍ ነው። ነገር ግን ቁጣም ጊዜ ይወስዳል። ያልተፈጸመ ትእዛዝ በሳምንቱ የባሰ በሽተኛ ሆኖ ይመለሳል፤ የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ያን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል።

አማርኛ በዚህ ላይ አንድ ቃል አለው። በሽተኛን መንከባከብ “ማስታመም” ይባላል፤ ቃሉ የወጣው “ታመመ” ከሚለው ነው። ሙያው ዘመናዊ ሲሆን ግን ቃሉ ሁለት ቦታ ተከፈለ። የተማረችው “ነርስ” ተባለች፤ “አስታማሚ” የሚለው ስም በበሽተኛው አጠገብ ምንጣፍ ዘርግታ ለምታድረው እህት ቀረ። በሙላጎ ኮሪደሮችም እንደ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሁሉ በሽተኛውን የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ የምትሮጠው ይህች አስታማሚ ናት። የቤቱን ሒሳብ በቃሏ ታውቀዋለች። ተማሪዋ ድህነትን መማር ከፈለገች ካታንጋ እስክትወርድ መጠበቅ የለባትም፤ መምህሯ በአልጋው ሥር ተቀምጣለች። ብዙውን ጊዜ ግን “ወደ ውጭ ውጪ፤ ዶክተር ሊመጣ ነው” ትባላለች።

ትምህርቱ ለመግባቱ ማረጋገጫው የተማሪዋ እንባ አይደለም። ማረጋገጫው የትእዛዙ መለወጥ ነው። ተመላላሿ እናት ሰኞን ካልቻለች ሌላ ቀን ይሰጣት፤ ከቤቷ የሚቀርብ ጤና ጣቢያ ካለ ወደዚያ ይጻፍላት፤ ከሰል ከሌላትና የውሃ ማከሚያ ኪኒን ካለ እርሱ ይሰጣት። ምንም የሚለወጥ ነገር በሌለ ጊዜም አንድ ነገር ይቀራል፤ እውነቱን መጻፍ። “ክትትል ያቋረጠች” ተብሎ የተጻፈው ጥፋቱን ሁሉ ለእናቲቱ ሰጥቶ መዝገቡን ይዘጋል። “ገበያዋን መዝጋት ስላልቻለች አልመጣችም” ተብሎ ቢጻፍ ግን የቀጠሮው ሰዓት፣ የወረፋው ርዝመት፣ የጤና ጣቢያው መጥፋት በመዝገቡ ላይ ይታያሉ። ያልተጻፈ ምክንያት በጀት አይቆረጥለትም።

ሰኞ ጠዋት በካለርዌ ገበያ ቲማቲም ይደረደራል፤ በሙላጎም ወረፋ ይያዛል። ሁለቱ ቦታዎች በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ግን እስከ ዛሬ ስትሄደው የኖረችው እናቲቱ ብቻ ናት፤ ልጇን አቅፋ፣ ሒሳቧን በልቧ ይዛ። የነርሷ ትምህርት ተፈጸመ የሚባለው እርሷም ከኮረብታዋ ግማሹን መንገድ ወርዳ ስትቀበላት ነው።